ቸርኬው ገጠመ፣ መኪናው ግን አልሰማውም

ቸርኬ ለመቀየር የሚነሳ ሰው ከድሮም የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ። ስንት ቁጥር ነው? ባለ ስንት ብሎን ነው? የመሀል ቀዳዳው ይገጥማል ወይ? ከፓራፋንጎ ይወጣል ወይስ ወደ ውስጥ ይገባል? ጥያቄዎቹ ዛሬም ቦታቸውን አልለቀቁም። ለቴስላ ሞዴል 3 ቸርኬ የሚፈልግ ሰው ባለ 5 ብሎን መሆኑን፣ የብሎኖቹ ቀዳዳዎች 114.3 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ መደርደራቸውን፣ የመሀሉ ቀዳዳም ለ64.1 ሚሊሜትር የሚስማማ መሆኑን ሳያረጋግጥ ገንዘቡን ማውጣት የለበትም። ነገር ግን ይህ ሁሉ ልክ ሆኖ፣ ጎማው ባላንስ ተሠርቶ፣ ብሎኑም በልኩ ጠብቆ መኪናው ከጎሚስታው ደጅ ሲወጣ፣ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ትጀምራለች። የጎማ ቅርጽ ያላት፣ መሀሏ ላይ ቃለ አጋኖ የቆመባት መብራት ናት። አንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ስትል ትቆይና በርታ ትቀራለች።

ብዙ አሽከርካሪ ይህን ሲያይ የሚሮጠው አየር ወደሚሞላበት ነው። ይሞላል፤ መብራቷ አትጠፋም። ትንሽ ያስጨምራል፤ አሁንም አትጠፋም። መብራቷ የምትናገረው ሌላ ነገር ነው። ሳትርገበገብ ቀጥ ብላ ከበራች «ከጎማዎቹ በአንዱ አየር አንሷል» ማለቷ ነው። ተርገብግባ ከዚያ በርታ ከቀረች ግን «ስለ ጎማዎቹ የሚነግረኝ አጣሁ» እያለች ነው። ይህ አሠራር በአሜሪካ ደንብ የተጻፈ ሲሆን ብዙ አምራቾች ለሌላ ገበያ በሚሠሯቸው መኪኖችም ይከተሉታል። አዲሱ ቸርኬ መኪናው ላይ ገጥሟል፤ መኪናው ግን አልሰማውም።

ስለዚህ የጎማውን አየር ለክቶ ለመኪናው የሚነግረው ሴንሰር ጥያቄ መነሳት ያለበት ቸርኬው ከተገጠመ በኋላ አይደለም። ከመገዛቱ በፊት፣ ከብሎኑም ከቁጥሩም ቀድሞ መጠየቅ አለበት። በኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጠብቃል፤ ምክንያቱም ባትሪው ከባድ ነው። ቴስላ ሞዴል ዋይ ሁለት ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ጎማዎቹ የሚጠይቁት አየርም 42 ፒኤስአይ፣ ማለትም 2.9 ባር ነው። አየር ያነሰው ጎማ ይህን ክብደት ተሸክሞ ሲሽከረከር ይሞቃል፣ ዳርና ዳሩ ይበላል፣ መኪናው በአንድ ቻርጅ የሚሄደውንም ርቀት ያሳጥራል። በቤንዚን መኪና ይህ ኪሳራ ማደያ ላይ ሳይታወቅ ያልፋል። የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ግን ከከተማ ሲወጣ ቀጣዩን ቻርጅ ማድረጊያ እያሰላ ነው የሚነዳው። ኢትዮጵያ የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሏ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ይፋ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ይህ የጥቂቶች ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል።

የጎማ አየር መከታተያ መሣሪያው መኪና ውስጥ የገባው ለቅንጦት እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ1986 በፖርሽ 959 ላይ ሲገጠም በርግጥ የብርቅ መኪና ነገር ነበር። ወደ ተራው ሰው መኪና ያወረደው ግን ሞት ነው። በ1990ዎቹ የፋየርስቶን ጎማ የተገጠመላቸው ፎርድ ኤክስፕሎረር መኪኖች በፍጥነት ላይ ሳሉ የጎማቸው ንጣፍ እየተገነጠለ ይገለበጡ ነበር። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2000 ደግሞ 6.5 ሚሊዮን ጎማዎች ተሰብስበው እንዲመለሱ ጥሪ ቀረበ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ኮንግረስ ትሬድ አክት የሚባለውን ሕግ አወጣ። በዚህም መሠረት ከሴፕቴምበር 2007 ጀምሮ እያንዳንዱ አዲስ ቀላል ተሽከርካሪ የጎማው አየር ከታዘዘው በ25 በመቶ ሲወርድ ማስጠንቀቅ ግዴታው ሆነ። አውሮፓ ከኖቬምበር 2014 ጀምሮ በሁሉም አዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ አስገደደች፤ የእሷ ወሰን 20 በመቶ ነው። ቻይና ደግሞ ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ለሚመረቱ የቤት መኪኖች ግዴታ አደረገችው። ለአዲስ አበባ አንባቢ ከሁሉም የሚቀርበው ይህ የቻይናው ደንብ ነው፤ በየመንገዱ የምናያቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች አብዛኞቹ የቻይና ፋብሪካ ውጤቶች ናቸውና።

ሕጉ ግን «አስጠንቅቅ» አለ እንጂ «እንዲህ አድርገህ አስጠንቅቅ» አላለም። አምራቾችም ሁለት መንገድ ያዙ። አንደኛው ጎማው ውስጥ ምንም ዕቃ አያስገባም። ለፍሬን ሲባል እያንዳንዱ ጎማ አጠገብ የተተከለው የፍጥነት ሴንሰር ጎማው ስንቴ እንደዞረ ይቆጥራል። አየር ያነሰው ጎማ ዙሪያው በጥቂቱ ስለሚጠብ ከጓደኞቹ ፈጠን ብሎ ይዞራል፤ ኮምፒውተሩም ከዚህ ተነስቶ ይጠረጥራል። መኪናዎ በዚህ መንገድ የሚሠራ ከሆነ ደስ ይበልዎ፤ ማንኛውንም ልኩ የሆነ ቸርኬ መግጠም ይችላሉ። የሚጠበቅብዎ አራቱንም ጎማ በሚገባው ልክ አስሞልቶ፣ ከመኪናው ስክሪን ላይ የጎማ አየር መመዝገቢያውን ፈልጎ «ይህን ያዝ» ማለት ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ጎማው ጎድሎ ሳለ ከመዘገቡት መኪናው ጉድለቱን እንደ ትክክለኛ ልክ ይይዘውና ከዚያ በኋላ አያስጠነቅቅዎም።

ሁለተኛው መንገድ በእያንዳንዱ ጎማ ውስጥ ሴንሰር ማስቀመጥ ነው። መኪናዎ የትኛው እንደሆነ ለመለየት መካኒክ አያስፈልግም። ስክሪኑ ላይ ለአራቱም ጎማ ለየብቻ የአየር ቁጥር ከወጣ ሴንሰር አለው። የቻይና መኪኖች ቁጥሩን ብዙ ጊዜ በኪሎፓስካል ነው የሚያሳዩት፤ 250 ኪሎፓስካል ማለት 2.5 ባር፣ በፒኤስአይ ደግሞ 36 ገደማ ነው።

ይህን ሴንሰር በእጅ ይዞ ማየት ተገቢ ነው። ከውጭ አየር የምንነፋበት ቫልቭ የእሱ ጭራ ነው፤ ከቸርኬው በውስጥ በኩል ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ የፕላስቲክ ሳጥን ተያይዞበታል። ክብደቱ 30 ግራም አካባቢ ነው። በአንድ ጎኑ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ሽንቁር አለችው፤ ግፊቱን የሚለካው በእሷ ነው። ውስጡ ግፊትና ሙቀት መለኪያ፣ መሽከርከሩን የሚያውቅበት መሣሪያ፣ ትንሽ የሬዲዮ ማሰራጫና እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ የሊቲየም ባትሪ አለ። ሁሉም በማጣበቂያ ታሽገዋል፤ ባትሪው ሲያልቅ ሴንሰሩ ይጣላል እንጂ ተከፍቶ አይቀየርም። ዕድሜው በአብዛኛው ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው። መኪናው ሲቆም ይተኛል፤ ጎማው መዞር ሲጀምር ነቅቶ በየተወሰነ ጊዜው መልእክት ይልካል። ኑሮውም ቀላል አይደለም። መኪናው በሰዓት 100 ኪሎሜትር ሲነዳ ይህቺ 30 ግራም ዕቃ ከመሽከርከሩ የተነሳ አራት ኪሎ ተኩል ያህል እየከበደች ነው ቫልቩን የምትስበው። ቫልቩ ርካሽና ለዚህ ሥራ ያልተዘጋጀ ሲሆን ምን እንደሚመጣ ከዚህ መገመት ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንግባ። ሴንሰሩ የሚናገረው በሬዲዮ ነው፤ ሬዲዮ ደግሞ ጣቢያው ካልተገጣጠመ አይሰማም። በአሜሪካና በጃፓን ገበያ ብዙ መኪኖች 315 ሜጋኸርዝ ይጠቀማሉ፤ አውሮፓ በ433.92 ይሠራል፤ ከቻይና የሚመጡትም በአብዛኛው እዚያው ላይ ናቸው። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ ጨምሮ ያመጣው አራት ሴንሰር ጥሩ ዕቃ ሆኖ ሳለ አዲስ አበባ ላይ ዲዳ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ጣቢያው መመሳሰሉ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የሚላከው መልእክት አደራደርም መግባባት አለበት። ለዚህ ከቴስላ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። የመጀመሪያዎቹ ሞዴል ኤስ መኪኖች ባኦሎንግ የተባለው የቻይና ኩባንያ የሠራውን ሴንሰር ይዘው ወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 አካባቢ ቴስላ ወደ ኮንቲኔንታል ሴንሰር ዞረ። ሁለቱም በ433 ሜጋኸርዝ ነው የሚሠሩት፤ ሆኖም አንዱ በሌላው መኪና ላይ አይነበብም። ሞዴል 3 በበኩሉ በ433 ጀመረ፤ ከ2021 አካባቢ ጀምሮ ደግሞ ሞዴል 3ም ሞዴል ዋይም ወደ ብሉቱዝ ተሸጋገሩ፤ ብሉቱዝ በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው የሚሠራው። እንግዲህ ስማቸው አንድ፣ መልካቸው አንድ፣ ብሎናቸው አንድ የሆነ፣ ግን አንዱ በ433 ሌላው በብሉቱዝ የሚሠራ ሁለት ሞዴል 3 መኪኖች ቸርኬ ቢለዋወጡ ቸርኬው ያለ ችግር ይገጥማል፤ ሁለቱም ዳሽቦርድ ላይ ግን መብራቷ ትርገበገባለች። ሽግግሩ በአንድ ቀን ተቆርጦ ስላልተካሄደ የመኪናውን የምርት ዓመት አይቶ ሴንሰር ማዘዝ ያሳስታል። አስተማማኙ ነገር አንዱን ጎማ ፈትቶ፣ ውስጥ ያለውን ሴንሰር አውጥቶ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ነው። ይህን የአንድ ሰዓት ሥራ ቸርኬው ከመታዘዙ በፊት መሥራት ከብዙ ወጪ ያድናል።

ጣቢያውም አደራደሩም ቢስማማ አንድ ነገር ይቀራል። እያንዳንዱ ሴንሰር የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ መኪናውም የሚሰማው የመዘገባቸውን ብቻ ነው። ባይሆንማ ቀይ መብራት ላይ አጠገባችን የቆመው መኪና ጎማ ሲተነፍስ የእኛ ዳሽቦርድ ይጮህ ነበር። ስለዚህ አዲስ ሴንሰር መመዝገብ አለበት። አንዳንድ መኪኖች እየተነዱ ራሳቸው ይመዘግባሉ። በ433 የሚሠራ ቴስላ ከሆነ ከስክሪኑ የአገልግሎት ክፍል ውስጥ የቸርኬውን ዓይነት መርጦ፣ ሴንሰሮቹን ዳግም አስጀምሮ፣ በሰዓት ከ25 ኪሎሜትር በላይ ለአሥር ደቂቃ ያህል መንዳት ይበቃል። ሌሎች መኪኖች ደግሞ የምርመራ መሣሪያ ተሰክቶ ቁጥሩ በእጅ ካልተጻፈላቸው እሺ አይሉም።

እዚህ ላይ ባለመኪናው ሦስት ምርጫ አለው፤ እኔም የማዳላበት አለ። መኪናው አዲስ ከሆነ፣ ሴንሰሮቹም ከአምስት ዓመት ያልበለጡ ከሆኑ፣ ከአሮጌው ቸርኬ አውጥቶ ወደ አዲሱ ማዛወር ይሻላል። መለያ ቁጥሩ አይለወጥም፤ መኪናውም ለውጡን አያውቅም። የሚገዛው ቫልቩን የሚያጠብቀው ዳዶ፣ የላስቲክ ማተሚያው፣ የውስጥ ፒኑና ክዳኑ ብቻ ነው። እነዚህን ደግሞ ሳይቀይሩ ማለፍ አይገባም፤ የደረቀ ላስቲክ ቀስ እያለ ነው የሚያስተነፍሰው። ፒኑ ኒኬል የተቀባ መሆን አለበት። ተራው የነሐስ ፒን የአሉሚኒየም ቫልቭ ውስጥ ከከረመ እርስ በርስ ተበላልተው ይጣበቃሉ፤ በሚቀጥለው ፍታ ሲባል ቫልቩ አብሮ ይቆረጣል።

ሁለተኛው ምርጫ የመኪናው አምራች የሚሸጠውን ሴንሰር መግዛት ነው፤ ዋጋው ቢከብድም ጥያቄ የለበትም። ሦስተኛው በመሣሪያ የሚጻፍበት ሴንሰር ነው። የቻይናው ኦቴል፣ ሽሬደርና የጀርመኑ ሁፍ የሚሠሯቸው እንዲህ ዓይነት ሴንሰሮች ባዶ ሆነው ይመጡና በመሣሪያ የተፈለገው መኪና ይጻፍባቸዋል። ሁለቱን የቆዩ ጣቢያዎች በአንድ ላይ የያዙም አሉ። ለብሉቱዝ መኪና ግን ለብሉቱዝ ተብሎ የተሠራውን መጠየቅ የግድ ነው። ትልቁ ጥቅማቸው የአሮጌውን ሴንሰር መለያ ቁጥር መቅዳት መቻላቸው ነው፤ መኪናው የድሮው ሴንሰር መስሎት ይቀበለዋል፣ ምዝገባ አይጠይቅም። ቁጥሩ የተቀዳበትን አሮጌ ጎማ ግን መኪናው አጠገብ፣ ይልቁንም ሻንጣ ውስጥ ጭኖ መሄድ አይገባም፤ በአንድ ስም ሁለት ሴንሰር ሲናገር መኪናው የትኛውን እንደሚያምን አያውቅም።

የቸርኬው ቅርጽም ጣጣ አለው። የቫልቭ ቀዳዳው በተለምዶ 11.3 ሚሊሜትር ነው፤ ከዚያ የሰፋ ከሆነ የላስቲክ ማተሚያው አይዘጋውም። ከቀዳዳው በውስጥ በኩል ያለው የቸርኬ ግድግዳ ደግሞ በየፋብሪካው ይለያያል። አንዳንዱ ላይ ሴንሰሩ ጠፍጥፎ ይቀመጣል፤ አንዳንዱ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል ወይም የጎማው ጠርዝ ከሚያልፍበት መስመር በላይ ይወጣል። ከወጣ ጎማው ሲገባ ይሰባብረዋል። አዲስ ቸርኬ ሲገዛ አንዱን ሴንሰር ይዞ ሄዶ፣ ባዶው ቸርኬ ላይ ለክቶ ማየት እንግዲህ የማያስነውር ጥንቃቄ ነው።

በጎሚስታ እጅ የሚሰበር ሴንሰርም ከሁሉም የበለጠ የሚያሳዝን ነው፤ ምክንያቱም የሚድን ነበር። ጎማውን ከቸርኬው የሚያላቅቀው የማሽኑ ክንድ ቫልቩ ባለበት በኩል ከገፋ የፕላስቲኩን ሳጥን ይጨፈልቀዋል። በእጅ፣ በብረት እየተፈለቀቀ የሚፈታ ከሆነ ደግሞ አደጋው ይብሳል። ብረቱ ከመግባቱ በፊት «ሴንሰር አለው፣ ከቫልቩ ራቅልኝ» ብሎ መናገር የባለመኪናው ድርሻ ነው። ጎበዝ ጎሚስታ በዚህ አይቀየምም፤ ቫልቩን ምልክት አድርጎ በተቃራኒው በኩል ይጀምራል። ፈሳሽ የቀዳዳ መድፈኛም ጎማው ውስጥ እንዳይገባ መጠንቀቅ ነው፤ ያቺን የመርፌ ቀዳዳ ሊደፍናት ይችላል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የተለየ ነገር አለ፤ ብዙ ደህና ሴንሰር ያለ ጥፋቱ «ፎርጅድ ነው» የሚባልበት ነገር። ጎሚስታው በመለኪያው 2.5 ባር ይሞላል። ስክሪኑ ግን በአራቱም ጎማ 2.25 አካባቢ ያሳያል። ባለመኪናው አዲሱን ሴንሰር ይወቅሳል፣ ጎሚስታው መለኪያውን ይጠረጥራል፤ ሁለቱም ዕቃዎች ግን እውነት ነው የተናገሩት። የእጅ መለኪያ የሚለካው ጎማው ውስጥ ባለው አየርና ውጭ ባለው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ሴንሰሩ የሚለካው የውስጡን ግፊት በሙሉ ነው፤ የውጭውን መቀነስ የመኪናው ሥራ ነው። አንዳንድ መኪና የአካባቢውን የአየር ግፊት ለይቶ ይቀንሳል። አንዳንዱ ግን የትም ይሁን የት የባሕር ጠለልን ግፊት፣ 1.01 ባርን፣ ነው የሚቀንሰው። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ የውጭው አየር ግፊት 0.76 ባር ያህል ብቻ ነው። 2.5 ላይ 0.76 ሲደመር 3.26፤ ከዚያ ላይ 1.01 ሲቀነስ 2.25። የጠፋው ሩብ ባር፣ ማለትም ሦስት ተኩል ፒኤስአይ ያህል፣ የትም አልተነፈሰም፤ የከፍታው ሒሳብ ነው።

ይህ ከቁጥር ጨዋታ ያለፈ ነው። መኪናው ጎማው ገና በ10 በመቶ የጎደለ እየመሰለው ስለሚነሳ ማስጠንቀቂያው ላይ ለመድረስ ግማሽ ገደማ መንገድ ቀድሞ ተጉዟል፤ ቀዝቀዝ ባለ ሌሊት ማግስት መብራቷ ያለ ምክንያት ብትበራ አይገርምም። ሙቀቱ በአምስትና ስድስት ዲግሪ ሲወርድ ጎማው አንድ ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳልና። ለመለየት፣ ጠዋት መኪናው ሳይነሳ አራቱንም ጎማ በጥሩ የእጅ መለኪያ ለክቶ ከስክሪኑ ጋር ማስተያየት ነው። አራቱም በእኩል ሩብ ባር ካነሱ ከፍታው ነው፤ የእጅ መለኪያውን ማመን። አንዱ ብቻ ከተለየ ያ ሴንሰር ይመርመር። ስክሪኑን ለማስደሰት ብሎ ጎማውን ከልኩ በላይ ማስነፋት ግን አይገባም፤ የጎማው መሀል ይበላል፣ ፍሬን ሲያዝ መንገዱን የመያዝ አቅሙም ይቀንሳል።

አሜሪካ ለሚኖሩ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ የፌዴራል ሕጉ ማንኛውም የጥገና ድርጅት የሚሠራን የደህንነት መሣሪያ እያወቀ ከሥራ ውጭ እንዳያደርግ ይከለክላል። ስለዚህ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ያለ የጎማ ቤት «ሴንሰር የሌለውን ቸርኬ አልገጥምልህም» ቢል ገንዘብ ፈልጎ ላይሆን ይችላል፤ ራሱን ከሕግ እየጠበቀ ነው።

እኛ ዘንድ ግን ሌላ ነገር ይሰማል፦ «ጋሼ፣ ይቺ መብራት ችግር የላትም፤ ዝም ብለው ይንዱ።» ከዚህ የባሰም አለ። አራቱን ሴንሰር የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሽጎ፣ በአየር ሞልቶ፣ ሻንጣ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው አለ። መብራቷ አትበራም፣ ስክሪኑም አራት ያማረ ቁጥር ያሳያል። መኪናው የሚነግረው ግን ስለ ቱቦው ነው። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና በአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ አንድ ጎማው ቀስ እያለ ሲተነፍስ አሽከርካሪው ሁሉ ሰላም መስሎት ይሄዳል፤ በዚያ መኪና ውስጥ ልጆች ይሳፈራሉ። መብራቷን በፕላስተር መሸፈን እንኳ ከዚህ ይሻላል፤ ቢያንስ ውሸት አያሳይም።

ሥራው በትክክል ማለቁን ማረጋገጥ ደግሞ ቀላል ነው። አዲሱ ቸርኬ ከተገጠመ፣ ጎማውም በልኩ ከተነፋ በኋላ መኪናውን ሩብ ሰዓት ያህል መንዳት። አራቱም ቁጥሮች ስክሪኑ ላይ ከወጡ ቆም ብሎ ከፊት ግራ ጎማ ሦስት ወይም አራት ፒኤስአይ ማስተንፈስ፤ ከዚያ ጥቂት ነድቶ የወረደው የዚያው ጎማ ቁጥር መሆኑን ማየት። የወረደው የኋላ ቀኙ ከሆነ ሴንሰሮቹ ቦታቸው ተዛውሮ ተመዝግበዋል፤ ወደ መሣሪያው ተመልሶ ማስተካከል ያስፈልጋል። በየማዕዘኑ እንዲሁ ተሞክሮ ሁሉም በቦታው ከተገኘ የወጣውን አየር መልሶ መሙላትና ለሥራው መክፈል ነው።